የመሣሪያው የራሱ ሁከት፤ የትራንስፎርመር ቅድመ ማጉያ አመጣጥና አተካከል

የሰው ልጅ ከስሜት ሕዋሳቱ አቅም በታች ያለውን ነገር ለማወቅ ባደረገው ረጅም ጥረት ሁለት ፈተናዎች ገጥመውታል። የመጀመሪያው ደካማውን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ወይም የሚያሰማ መሣሪያ ማግኘት ነበር። ሁለተኛው ዘግይቶ የተገለጠና ከመጀመሪያውም የከበደ ሆነ፤ ይኸውም መሣሪያው አጉልቶ ካቀረበው ውስጥ የትኛው የተፈላጊው ነገር ምልክት፣ የትኛው ደግሞ የመሣሪያው የራሱ ሁከት መሆኑን ለይቶ ማወቅ ነው። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ስለ ሐሜት ቢሆንም ቅሉ፣ አባባሉ ለመለኪያ መሣሪያም ይሠራል። የራሱን ድምፅ የማያውቅ መሣሪያ ከሌላ የመጣ መስሎት ይመዘግበዋልና።

ዝቅተኛ ሁከት ያለው የትራንስፎርመር ቅድመ ማጉያ ከዚህ ሁለተኛ ፈተና የተወለደ መሣሪያ ነው። ሲያዩት ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ በወፍራም የብረት ቆርቆሮ የተሸፈነ ተራ ሣጥን ነው። በውስጡ ግን የአንድ መቶ ዓመት ያህል የፊዚክስና የምሕንድስና ክርክር ተጠቅልሎ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የማያርፈው መርፌ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ደካማ ኮረንት የሚለካው በጋልቫኖሜትር ነበር። በቀጭን ክር የተንጠለጠለች ትንሽ መስተዋት በኮረንቱ ኃይል ስትዞር፣ ከመስተዋቷ ላይ የሚንጸባረቀው የብርሃን ጨረር በሩቅ ግድግዳ ላይ ይንቀሳቀሳል። ክሩ በቀጠነ፣ መስተዋቷም በቀለለች፣ ግድግዳውም በራቀ ቁጥር መሣሪያው ይበልጥ ስሜታም ይሆናል። ስለዚህም የመለካት አቅም ወሰን የሠሪው ጥበብ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር።

በ1925 በሆላንድ አገር በዩትሬኽት ከተማ ሞልና ቡርገር የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት የአንዱን ጋልቫኖሜትር የብርሃን ጨረር ሙቀት በሚሰማ መሣሪያ ላይ በማሳረፍ፣ ከዚያ የሚገኘውን ኮረንት ወደ ሁለተኛ ጋልቫኖሜትር አስተላለፉ። በዚህም ዘዴ የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ እጅግ አጎሉት። ነገር ግን ምንም ኮረንት በሌለበት ጊዜ እንኳ ጨረሩ አላርፍ አለ፤ ወዲያና ወዲህ ያለ ሥርዓት ይዋልል ጀመር። ጥፋቱም በመሬት ንዝረት ተሳበበ።

በሚቀጥለው ዓመት ጉስታፍ ኢሲንግ የተባለው የስዊድን ሊቅ ምክንያቱን በሌላ መንገድ አስረዳ። ሮበርት ብራውን በ1827 በማይክሮስኮፕ ሥር ያያቸው በውሃ ላይ የሚዋልሉ ቅንጣቶች፣ አልበርት አይንስታይንም በ1905 በሞለኪውሎች ግጭት ያስረዳው እንቅስቃሴ፣ መስተዋቷንም ይመለከታታል። መስተዋቷ በዙሪያዋ ካለው ዓለም ጋር በአንድ የሙቀት መጠን እስካለች ድረስ የሙቀትን ነውጥ ትካፈላለች። ጨረሩ የሚዋልለው መሣሪያው ስለተበላሸ ሳይሆን፣ እጅግ ጥሩ ሆኖ ስለተሠራ የተፈጥሮን ወሰን ስለነካ ነበር።

፪. ከስልክ መሥመር የወጣው ቀመር

በዚያው ዘመን ከአትላንቲክ ማዶ ያሉ መሐንዲሶች ወደዚሁ ወሰን በሌላ በር እየደረሱ ነበር። በ1915 ኒው ዮርክንና ሳን ፍራንሲስኮን ያገናኘው የስልክ መሥመር የቫኪዩም ቱቦ ማጉያዎችን በየርቀቱ በመትከል የተዘረጋ ነበር። ማጉያው ድምፅን ሲያጎላ በመሥመሩ ላይ ያለውንም ሁከት አብሮ ያጎላል፤ ከዚያም የራሱን ይጨምርበታል። ታዲያ ማጉላት ያለ ወሰን ሊቀጥል ይችላልን?

ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪ በ1918 ባወጣው ጥናት በማጉያ ውስጥ ሁለት ሊወገዱ የማይችሉ የሁከት ምንጮች እንዳሉ አመለከተ። አንደኛው ኤሌክትሮኖች እንደ ጠጠር በየተራ በመዝነባቸው የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሙቀት የሚነሣ ነው። ሾትኪ የመጀመሪያውን በሰፊው ሲያትት በሁለተኛው ላይ ብዙ አልቆየም።

ሁለተኛውን ለክቶ ያረጋገጠው በስዊድን የተወለደው ጆን ጆንሰን ነው። ጆንሰን በኒው ዮርክ በቤል የስልክ ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ በማጉያው መግቢያ ላይ የተገናኘው ሬዚስተር ምንም ባትሪ ሳይገናኝበት የሚዋልል ቮልቴጅ እንደሚያመነጭ ተረዳ። ከካርቦን፣ ከብረታ ብረትና ከጨው ሙሙት የተሠሩ ሬዚስተሮችን ፈተነ፤ ከፈላ ውሃ ሙቀት እስከ ፈሳሽ አየር ቅዝቃዜ ድረስ አሞቃቸው፣ አቀዘቀዛቸው። ሬዚስተሩ ከምንም ይሠራ ከምን፣ የሁከቱ መጠን የሚወሰነው በሬዚስታንሱና በፍጹማዊ የሙቀት መጠኑ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ጆንሰን ውጤቱን በዚያው የስልክ ኩባንያ ቤተሰብ ለሚሠራው፣ እንደ እርሱ የስዊድን ተወላጅ ለሆነው ለሃሪ ናይኲስት አወያየው። ናይኲስትም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ መልሱን ይዞ መጣ። ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ኃይል በማያባክን ረጅም የስልክ መሥመር ቢገናኙና ሁሉም በአንድ ሙቀት ላይ ቢሆኑ፣ አንዱ ለሌላው የሚልከው ኃይል እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ አንደኛው ያለ ምክንያት ሲሞቅ ሌላው ይቀዘቅዛል። ከዚህ ቀላል ሐሳብ ተነሥቶ በመሥመሩ ላይ ሊኖሩ የሚችሉትን ሞገዶች በመቁጠር፣ የቮልቴጁ ካሬ አማካይ ከአራት ጊዜ የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር፣ ከፍጹማዊ ሙቀቱ፣ ከሬዚስታንሱና ከፍሪኩዌንሲው ስፋት ብዜት ጋር እኩል መሆኑን አሳየ። የሁለቱ ሰዎች ጽሑፎች በ1928 በአንድ መጽሔት እትም ጎን ለጎን ወጡ።

በዚህ ቀመር መሠረት በ290 ኬልቪን ሙቀት፣ ማለትም በተራ ክፍል ውስጥ፣ የ1000 ኦም ሬዚስተር በ1 ኸርዝ ስፋት 4 ናኖቮልት ያህል ሁከት ያሰማል። የ10 ኦም ሬዚስተር ደግሞ 0.4 ናኖቮልት፣ ይኸውም ከአንድ ቮልት ሁለት ቢሊዮን ተኩል ክፍል አንዱን ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለ ማናቸውም ማጉያ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ዝምታ ሊያመጣ አይችልም።

፫. ጥቅሉ የሚሠራው ሥራ

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ምንጩ 10 ኦም ከሆነና የራሱ ሁከት 0.4 ናኖቮልት ብቻ ከሆነ፣ ማጉያው ግን በመግቢያው ላይ የ4 ናኖቮልት ሁከት ካለው፣ ማጉያው የምንጩን አሥር እጥፍ ይጮኻል። ተፈጥሮ የፈቀደችው ዝምታ ሳይደረስበት ይቀራል ማለት ነው። ይህም በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ችግር አልነበረም። ራሱ ሾትኪ ከኤርቪን ጌርላኽ ጋር በ1920ዎቹ አጋማሽ የሠራው የሪባን ማይክሮፎን የውስጥ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች ነበር። የሙቀት ጨረር የሚለኩ ቴርሞካፕሎችም አሥር ኦም አካባቢ ነበሩ።

መፍትሔው ከማናቸውም ማጉያ በፊት ከተፈለሰፈ ዕቃ ተገኘ። ማይክል ፋራዴይ በነሐሴ 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን ጠቅልሎ፣ በአንደኛው ኮረንት ሲከፈትና ሲዘጋ በሁለተኛው ላይ ኮረንት እንደሚፈጠር አየ። በ1885 በቡዳፔስት ሦስት መሐንዲሶች ዘዴውን ለኃይል ማስተላለፊያ የሚሆን ትራንስፎርመር አደረጉት። የስልክ መሐንዲሶችም በየማጉያቸው መግቢያ ላይ አነስተኛውን ወንድሙን ተከሉ።

የሁለተኛው ጥቅል ዙር ከመጀመሪያው መቶ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ መቶ እጥፍ ይጎላል፤ የምንጩም ሁከት እንደዚሁ። ከማጉያው አንጻር ሲታይ ምንጩ 10 ኦም መሆኑ ቀርቶ የመቶ ካሬ ጊዜ 10፣ ማለትም 100,000 ኦም መስሎ ይታያል፤ ሁከቱም 40 ናኖቮልት ይሆናል። ያን ጊዜ የማጉያው 4 ናኖቮልት ከምንጩ ድምፅ በታች ተውጦ ይቀራል። ትራንስፎርመሩ ኃይል አልፈጠረም፤ ምልክቱንም ከሁከቱ አላጸዳም። ያደረገው ምልክቱንና የምንጩን ሁከት አብሮ ከማጉያው ሁከት በላይ ማንሣት ነው።

በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የታየ አንድ ስሕተት እዚህ ሊጠቀስ ይገባዋል። ማጉያው 100,000 ኦም ምንጭ ይስማማዋል ሲባል፣ ከ10 ኦሙ ምንጭ ጋር በተከታታይ ሬዚስተር ጨምሮ ቁጥሩን መሙላት የሚቻል የሚመስላቸው አሉ። የተጨመረው ሬዚስተር ግን የራሱን የሙቀት ሁከት ይዞ ይመጣል፤ ምልክቱም አንዲት ናኖቮልት አይጨምርም።

፬. የእምብርቱ ብረት

ትራንስፎርመሩ ይህን ሥራ ያለ ብክነት እንዲሠራ የመጀመሪያው ጥቅል በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲም ቢሆን በቂ ኢንዳክታንስ ሊኖረው ይገባል። ለ10 ኦም ምንጭ እስከ 1 ኸርዝ ለመውረድ 1.6 ሄንሪ ያህል ያስፈልጋል። በተራ ብረት እምብርት ይህን ለማግኘት እጅግ ብዙ ዙር መጠቅለል ግድ ነው፤ ዙር ሲበዛ ሽቦው ይረዝማል፤ ሽቦው ሲረዝም ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሬዚስታንስም ሁከት ነው። ስለሆነም የጥቂት ዙሮችን መግነጢሳዊነት የሚያበዛ ብረት መገኘት ነበረበት።

ያም ብረት ከቴሌግራፍ መጣ። ጉስታፍ ኤልመን የተባለው መሐንዲስ ከመቶ 78 ያህል እጅ ኒኬልና ቀሪው ብረት የሆነ ቅይጥ በተገቢው ሁኔታ ሞቆ ሲቀዘቅዝ፣ መግነጢስን የመቀበል ችሎታው ከለስላሳ ብረት በአያሌ እጥፍ እንደሚበልጥ አረጋገጠ። ፐርማሎይ የተባለው ይህ ቅይጥ በ1923 ለዓለም ተገለጠ፤ በ1924ም ከኒው ዮርክ እስከ አዞርስ ደሴቶች በተዘረጋው የባሕር ቴሌግራፍ ገመድ ላይ ተጠቅልሎ የመልእክቱን ፍጥነት ብዙ እጥፍ አሳደገ። በለንደንም በ1923 መዳብ የተጨመረበት ሙሜታል የተባለው ቅይጥ ተሠራ።

ፐርማሎይና ሙሜታል ለትራንስፎርመሩ ሁለት አገልግሎት ሰጡ። በውስጥ እምብርት ሆኑ፤ በውጭ ደግሞ ከኃይል መሥመር የሚመጣውን መግነጢሳዊ መስክ የሚመልስ ጋሻ ሆኑ። ነገር ግን ጠባያቸው የተሞላቀቀ ልጅ ጠባይ ነው። ከተመቱ፣ ከተጣጠፉ ወይም ከወደቁ ችሎታቸው ይቀንሳል፤ እንደገና በምድጃ ካልሞቁም አይመለስላቸውም።

፭. ሁከትን በቁጥር መግለጽ

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ «ጥሩ ማጉያ» የሚለው አነጋገር የየሻጩ አባባል ነበር። በ1944 በዴንማርክ የተወለደው ሃራልድ ፍሪስ ከቤል ላቦራቶሪ ባወጣው ጽሑፍ ለነገሩ ልክ አበጀለት። ምንጩ በ290 ኬልቪን ላይ ሆኖ፣ ምልክቱ ከሁከቱ ጋር ያለው ንጽጽር በማጉያው ውስጥ ሲያልፍ ስንት እጅ እንደሚወድቅ በዴሲቤል ይገለጽ አለ። ሮተና ዳልከ ደግሞ በ1956 ማንኛውም ማጉያ ሁከት የሌለበት ማጉያና በመግቢያው ላይ የተቀመጡ ሁለት የሁከት ምንጮች፣ ይኸውም አንድ የቮልቴጅና አንድ የኮረንት፣ ተደርጎ ሊታሰብ እንደሚችል በግልጽ አስቀመጡ።

ከዚህ ወዲህ ትራንስፎርመሩን መምረጥ የሒሳብ ሥራ ሆነ። ለምሳሌ ያህል የማጉያው የቮልቴጅ ሁከት 4 ናኖቮልት፣ የኮረንት ሁከቱም 40 ፌምቶአምፒር ነው እንበል፤ ሁለቱም በ1 ኸርዝ ስፋት የሚለኩ ናቸው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 100,000 ኦም ይሰጣል፤ ማጉያው በጣም የሚስማማው ምንጭ ይህ ነው። የ10 ኦም ምንጭ በአንድ ለመቶ ትራንስፎርመር ሲያልፍ በትክክል እዚህ ላይ ያርፋል፤ ማጉያውም በምንጩ ሁከት ኃይል ላይ የሚጨምረው ከመቶ 2 እጅ ብቻ ነው።

አንድ ለአሥር ቢመረጥ ምንጩ 1000 ኦም ይመስላል፤ ሁከቱም 4 ናኖቮልት ሆኖ ከማጉያው የቮልቴጅ ሁከት ጋር ይስተካከላል፤ 3 ዴሲቤል ይጠፋል። አንድ ለሺህ ቢመረጥስ? ምንጩ 10 ሚሊዮን ኦም ይመስላል፤ የማጉያው የኮረንት ሁከት በዚህ ላይ ሲያልፍ 400 ናኖቮልት ይሆንና ከምንጩ ሁከት ጋር ይስተካከላል፤ እንደገና 3 ዴሲቤል ይጠፋል። ስለዚህ «የበለጠ ማጉላት የበለጠ ይጠቅማል» የሚለው እምነት በዚህ ስፍራ አይሠራም። ከዚህም በላይ በሁለተኛው ጥቅልና በኬብሉ ላይ ያለው አቅም፣ ማለትም ካፓሲታንስ፣ 100 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ በአንድ ለመቶ እስከ 16 ኪሎኸርዝ ገደማ መለካት ሲቻል በአንድ ለሺህ ግን 160 ኸርዝ አካባቢ ላይ ያበቃል።

ቀሪው ዕዳ የትራንስፎርመሩ የራሱ ነው። የመጀመሪያው ጥቅል ሽቦ 1 ኦም፣ የሁለተኛው 10,000 ኦም ቢሆን፣ ሁለተኛው ወደ መግቢያው ሲመነዘር እርሱም 1 ኦም ነው። ለ10 ኦም ምንጭ ሁለቱ ተደምረው ከመቶ 20 እጅ ሁከት ይጨምራሉ። ማጉያው ከሚጨምረው አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የመዳብ ሽቦው ውፍረት ከማጉያው ዓይነት ይልቅ ውጤቱን ይወስናል።

፮. አተካከሉ

በ1946 ሮበርት ዲኪ ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረርን ለመለካት፣ መግቢያውን በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል በምንጩና በታወቀ ማነጻጸሪያ መካከል እያቀያየረ፣ በዚያው ምት የሚመጣውን ብቻ የሚቆጥር ዘዴ አሳተመ። በ1960ዎቹም ይህን መርሕ የሚከተሉ ሎክ ኢን አምፕሊፋየር የተባሉ መሣሪያዎች በገበያ ላይ ዋሉ። በየላቦራቶሪው የትራንስፎርመር ቅድመ ማጉያ የታወቀው በእነዚህ መሣሪያዎች ፊት ተተክሎ ነው። ቀጥተኛ ኮረንት በትራንስፎርመር ስለማያልፍ፣ ምልክቱ አስቀድሞ ብርሃኑን በሚቆራርጥ ጎማ ወይም በሌላ ዘዴ ተለዋዋጭ ይደረጋል።

አተካከሉን በሚመለከት ከልምድ የተገኙት ሕጎች ጥቂቶች ናቸው፤ ሆኖም ከእነርሱ አንዱ ሲጣስ ከላይ የተቆጠረው ሒሳብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አንደኛ፣ ሣጥኑ ከኃይል ትራንስፎርመርና ከሞተር ይራቅ። ከዚያም በቦታው ሆኖ ቀስ እየተባለ ይዙር፤ የ50 ኸርዙ እምምታ እጅግ በሚያንስበት አቅጣጫም ይታሰር። የመለኪያው ፍሪኩዌንሲ በ50 የማይካፈል ሆኖ ይመረጥ።

ሁለተኛ፣ ከምንጩ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አጭርና እርስ በርስ በጥብቅ የተገመዱ ይሁኑ። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ያ ክፍተት ራሱ የአንድ ዙር ጥቅል ነው፤ መስኩን ይሰበስባል።

ሦስተኛ፣ የመሬት ማያያዣው በአንድ ነጥብ ብቻ ይሁን። የትራንስፎርመሩ ሁለት ጥቅሎች በሽቦ የማይገናኙ በመሆናቸው ምንጩንና ማጉያውን በሁለት መሬት መካከል ከሚዞር ኮረንት ያድናል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ሳያውቅ የኬብሉን ልባስ በሁለቱም ጫፍ ካሰረ ይህ ጥቅም ይጠፋል።

አራተኛ፣ በመግቢያው ጥቅል ላይ ቀጥተኛ ኮረንት ፈጽሞ አይለፍ። የሽቦውን መቆረጥና አለመቆረጥ ለማወቅ ሲባል በኦም መለኪያ መንካት እንኳ እምብርቱን መግነጢስ ያሲዘዋል፤ ኢንዳክታንሱ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላም ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ንዝረቱ ወደ ምልክት ይለወጣል። እንዲህ የሆነ ትራንስፎርመር የሚድነው ተለዋዋጭ ኮረንት ተሰጥቶት፣ ኮረንቱ ቀስ በቀስ እስከ ዜሮ ሲቀነስለት ነው።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ከማናቸውም ልኬት በፊት በምንጩ ቦታ እኩል ኦም ያለው የሽቦ ሬዚስተር ተገናኝቶ ሁከቱ ይለካ። ቁጥሩ ከናይኲስት ቀመር ጋር ይነጻጸር። ከዚያም ሬዚስተሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ በ77 ኬልቪን፣ ይነከር፤ የራሱ የሬዚስተሩ የቮልቴጅ ሁከት ወደ ግማሽ ገደማ መውረድ አለበት። ጠቅላላው ንባብ ሳይወርድ ከቀረ፣ የሚሰማው የምንጩ ድምፅ ሳይሆን የመሣሪያው ነው። ይህ ፈተና ጆንሰን በ1920ዎቹ ካደረገው የተለየ አይደለም።

፯. ራስን የማወቅ ዋጋ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል ለሚል ጠያቂ ከሬዲዮ ታሪክ አንድ መልስ ይገኛል። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በኒው ጀርሲ በሆልምዴል የቀንድ ቅርጽ ባለው አንቴናቸው ላይ ከየትኛውም የሰማይ አቅጣጫ እኩል የሚመጣ ትርፍ ሁከት አገኙ። መጠኑ 3.5 ኬልቪን ያህል ነበር። ትርፉን የማጉያ ጥፋት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እነርሱ ግን አንቴናውን በፈሳሽ ሂሊየም ከቀዘቀዘ ማነጻጸሪያ ጋር እያቀያየሩ የእያንዳንዱን ክፍል ሁከት አስቀድመው ስላወቁ፣ ቀሪው የእነርሱ አለመሆኑን ሊናገሩ ቻሉ። የዓለምን አጀማመር ቅሪት ሙቀት ያገኙት በዚህ ነው፤ በ1978ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የእነርሱ መሣሪያ የማይክሮዌቭ እንጂ የትራንስፎርመር ማጉያ አልነበረም፤ መርሑ ግን አንድ ነው።

የቀመሩም ታሪክ በዚህ አላበቃም። ጆንሰን በ1928 ከሬዚስተር ሁከት ያሰላው የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ዛሬ ከታወቀው በ8 ከመቶ ገደማ ያንስ ነበር። በ2017 በቤጂንግ የቻይና የልኬት ተቋም ከአሜሪካው አቻው ጋር በመተባበር ያንኑ ሁከት በመለካት ቁጥሩን ከሚሊዮን 3 ክፍል ባነሰ ጥርጥር አገኘው። በ2019 ኬልቪን በዚህ ቋሚ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ እንደ አዲስ ሲተረጎም፣ ከውጤቶቹ መካከል የሬዚስተር ሁከት ድርሻ ነበረው። መሐንዲሶች ሊያጠፉት የደከሙለት ጫጫታ የሙቀት መለኪያ ሥር ለመሆን በቃ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ምርጥ የሲሊኮን ማጉያዎች የቮልቴጅ ሁከታቸው 0.9 ናኖቮልት ገደማ፣ ማለትም የ50 ኦም ሬዚስተርን ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ላሉ ምንጮች ትራንስፎርመሩ አስፈላጊነቱ እየቀነሰ ሄዷል። ለአሥርና ለአንድ ኦም ምንጮች ግን እነዚያ ሁለት የመዳብ ጥቅሎችና አንድ የኒኬል እምብርት አሁንም ቦታቸውን አልለቀቁም። ባለሙያው የሚገዛው ማጉያ ይለዋወጣል፤ የሚተክልበት ጠረጴዛም እንዲሁ። ሬዚስተሩን ነክሮ የመሣሪያውን ድምፅ መጀመሪያ የማዳመጥ ግዴታው ግን ከጆንሰን ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም። ይህን ያደረገ ሰው በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ሲጠየቅ ግን ይቆምለታል።